ሠላሳ ስምንቱ መሸኛዎች

እሑድ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1970

ዛሬ የመከር ምስጋና ነበር። ጎመኑና ካሮቱ ከምስባኩ ሥር ተከምሮ፣ የጃቤዝ ኦዲ ሽንኩርት እንደ ልማዱ ከሁሉ ገዝፎ ተቀምጧል። ሠላሳ አራት ሰው መጣ። ሰው የምቆጥረው ከልማድ ነው፤ የቤቴል ጸሎት ቤትን የአባላት መዝገብ ከያዝኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አርባ ሰባቱንም ስም እንደ ጸሎት አነበንበዋለሁ።

መጋቢ ፔንግሊ ማስታወቂያ ሲያነቡ ድንገት ስሜን ጠሩ። በመጪው ሜይ ቤቴል መቶ ዓመት ይሞላታል፤ የሕንጻዋንና ያገለገሏትን መጋቢዎች ታሪክ ወይዘሮ አይዳ ሃርግሪቭስ ይጽፉልናል አሉ። "በዚህ ወረዳ ከእሳቸው የተሻለ የእጅ ጽሑፍ አላየሁም" ብለው ጨመሩበት፣ በሰው ሁሉ ፊት። ፊቴ ሳይቀላ አልቀረም። በስድሳ አንድ ዓመቴ እንደ ልጃገረድ መቅላት ምን ይባላል! ወንድሜ ዋልተር ሱግደን በሩ አጠገብ ሆኖ ጠቀሰኝ።

ቤት እንደገባሁ ሁለት አዲስ ደብተር አወጣሁ። አንዱ ለታሪኩ ነው፣ ይሄኛው ለራሴ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 8

ሙሉ ቀን ከምስባኩ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ ዋልኩ። ሠላሳ አንድ መጋቢዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ቁልቁል ያዩኛል፤ ግማሾቹ ጥርሳቸውን ያመማቸው ይመስላሉ። በኛ ልማድ መጋቢ ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አምስት ዓመት ያገለግልና በሴፕቴምበር ዕቃውን ጭኖ ጉባኤው ወደመደበው ይሄዳል፣ ገና ስሙን ለምደን ሳንጨርስ። እነሱ ይሄዳሉ፣ እኛና ድንጋዩ እንቀራለን። በዚህ ነው የምጀምረው።

የመጀመሪያው ጆሳያ ትራንተር ነው። ማደሪያ ስላልነበረው ስድስት ሳምንት እዚሁ ክፍል አግዳሚ ላይ ተኝቷል። ሕንጻውን የሠሩት የድንጋይ ካባ ሠራተኞች ናቸው፤ ከሥራ ሲወጡ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድንጋይ ተሸክመው ዳገቱን ይወጡ ነበር። የጃቤዝ አያት አንዱ ነው። የላይኞቹ፣ ማለትም የጣቢያ መንገድ ጸሎት ቤት ሰዎች፣ ፋብሪካ ያላቸው ስለሆኑ የራሳቸውን ጸሎት ቤት በኮንትራት አሠርተው ሪባን ቆረጡ። በ1932 ላይኛውም ታችኛውም አንድ ቤተ ክርስቲያን ሆናችኋል ተባልን። ይኸው እስከ ዛሬ በአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ተፋጠን ቆመናል፤ አንድ የሆንነው መጋቢውን በመካፈል ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 19

ሜትር የያዘ ሰውዬ ግቢውን ሲለካ አየሁ፤ ዋልተር አብሮት ነበር። "የማሞቂያ ባለሙያ ነው" አለኝ። ማሞቂያው ያለው ምድር ቤት ነው፣ ሰውዬው የሚለካው ግን የፊቱን በር ነበር። ባለሙያ ሥራውን ያውቃል ብዬ ተውኩት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 1

ጉድ ወረደ። ማሞቂያው አደገኛ ነው ተብሎ ተፈርሞበታል። እስከ ፋሲካ ድረስ ወደ ላይኛው ጫፍ ወጥተን ከጣቢያ መንገዶቹ ጋር እናመልካለን። መጋቢ ፔንግሊ ይህን ሲናገሩ ጃቤዝ በሰማንያ አራት ዓመቱ ምርኩዙን ሳይዝ ተነሣ።

"ማነው አደገኛ ነው ያለው?"

"ባለሙያው ናቸው፣ አቶ ኦዲ።"

"ሠላሳ ዓመት ከሰል ያጎረስኩት እኔ ነኝ! ነፍሷን ይማርና ከሚስቴ የተሻለ ጠባይ ነው ያለው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መጋቢውም ሳቁ። "ቀብሬዎት ከማዝን ቢቆጡኝ ይሻለኛል" አሉት፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው።

"እኔ እዚያ የምሄደው በሬሳ ሣጥን ነው" አለ ጃቤዝ። "ያኔም ቢሆን እራገጣለሁ።"

ግትር ሽማግሌ ነው። ለመጋቢው አዘንኩላቸው፤ ከኛ ጋር ሦስተኛ ዓመታቸው ነው፣ በሴፕቴምበር ይሄዳሉ፣ በመጨረሻው ወራት ደግሞ ይሄ ሁሉ ራስ ምታት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 5

መጋቢ ፔንግሊ ሻይ ሊጠጡ መጡ። የዝንጅብል ኬክ ጋግሬ ነበር (ለእሳቸው ብዬ አይደለም፣ ኖቬምበር አምስት፣ ደመራ የሚነድበት ማታ ስለሆነ ነው፤ ሁልጊዜም እጋግራለሁ)። ባለቤታቸው አሁንም ኮርንዎል ሄደው እናታቸውን እያስታመሙ ነው። የሸሚዛቸው ኮሌታ አልተተኮሰም።

የጻፍኩትን የትራንተርን ምዕራፍ አነበብኩላቸው። "እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ተቀብሮ መኖሩ!" አሉ። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ "አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ስለ አባላቱ ምን ይሻላል ይላሉ?" አሉኝ።

እኔም አላመነታሁም። የኛ ሰው ከራሱ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ሲያመልክ መሸኛ ይዞ ነው የሚሄደው። እናቴ እህቷን ልታስታምም ሦስት ወር ስካርብራ ስትቀመጥ መሸኛዋን ከጋብቻ ወረቀቷ ጋር በአንድ ፖስታ አድርጋ ነው የያዘችው። ያለ መሸኛ ሰው ቤት ገብቶ አግዳሚ መያዝ ነውር ነው፤ ላዮቹ ደግሞ ሥርዓት አያውቁም ለማለት አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁ ናቸው። "ሁሉም በወረቀት ይሁን" አልኩ። "ከቤቴል መዝገብ አውጥቼ ወደ ጣቢያ መንገድ እሸኛቸዋለሁ፣ በፋሲካ ሁላችንንም መልሼ እጽፋለሁ።"

"እንዴት ያለ መልካም ሐሳብ ነው፣ ወይዘሮ ሃርግሪቭስ!" አሉ። ሁለተኛ ቁራሽ ኬክ ወሰዱ። ሐሳቡ የራሴ ነው፤ ሌላ ሰው የራሱ ሊያደርገው ይችላልና እዚህ ልመዝግበው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 15

ሠላሳ ስምንት መሸኛ ጻፍኩ። ሁሉንም በጥቁር ቀለም፣ በወፍራሙ ብዕር። አርአያ ለመሆን የመጀመሪያውን የራሴን አደረግሁት፣ ከዚያ ቤት ለቤት ዞሬ አደልኩ። ያመነቱ ነበሩ። የዶሪንግ ባልቴት "ምን ያስቸኩላል?" አሉኝ፤ "አይዞዎት፣ እኔ እያለሁ!" ብዬ አስፈረምኳቸው።

ዋልተር፣ "ቤቱን የሚጠብቅ ሰው መዝገቡ ላይ ይቅር" አለ። እውነቱን ነው፤ የጸሎት ቤቱ ተጠሪ እሱ ነው። ስለዚህ እሱ፣ ሚስቱ ሜብል፣ ኦርጋን የሚመታው ክሌግና ሁለቱ የሆልሮይድ እህትማማቾች ቀሩ። ጃቤዝና ሦስቱ የካባ ጓደኞቹ ደግሞ አንፈርምም ብለው ቀሩ። በአጠቃላይ ዘጠኝ።

የጃቤዝን መሸኛ ጽፌ ወስጄለት ነበር። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበውና መለሰልኝ።

"ቆንጆ ነው የጻፍሽው፣ ልጄ። ግን እኔን ከዚያ መዝገብ የሚያወጣኝ ሞት ብቻ ነው። ያንቺ መውጣት ግን ይገርመኛል።"

"ለብርዱ ወራት ብቻ እኮ ነው፣ ጋሽ ጃቤዝ!"

"ይሁና" አለ። በሩን ዘጋብኝ።

ያለ ነገር ሰውን መጠራጠር የእርጅና በሽታ ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 22

የመጀመሪያው እሑድ በጣቢያ መንገድ። ምንጣፍ አለው፣ አግዳሚው ትራስ አለው፣ ሙቀቱ እንቅልፍ ያመጣል። ወይዘሮ ክራውዘር እጄን በሁለት ጣታቸው ጨበጡኝ። ኮቴን ስሰቅል ከመጋረጃው ወዲያ ለአንዷ ሲነግሯት ሰማሁ፤ "ለዘለቄታው ሲመጡማ መስቀያ መጨመር ሊኖርብን ነው።"

ለዘለቄታው አሉ። ሴትዮዋ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ነገር ይምታታባቸዋል።

መሸኛዎቻችን በሥርዓት ተነበው ተመዘገቡ። የእጅ ጽሑፉን አንድ ሰው አደነቀ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 9

መብራት ጠፋ፣ ሠራተኞቹ አድመዋል። በሻማ፣ ቶሎ ቶሎ።

ሁለት ምዕራፍ ጨረስኩ። ኤዝራ ላምብ፣ 1893፤ የካባ ባለቤቶች ሠራተኛውን በር ሲዘጉበት እሱ የጸሎት ቤቱን በር ከፍቶ አሥራ ስድስት ሳምንት ሾርባ ያበላ ነበር። ላዮቹ ከሰሱት፣ ጉባኤው በዓመቱ አነሣው። ሲሄድ ሕዝቡ ሻንጣውን እየተቀባበለ ባቡር ጣቢያ አድርሶታል።

ሁለተኛው የ1933ቱ ነው። መጋቢ ኸርበርት ዳይሰን አንድ ከሆናችሁ አይቀር ቤቴል ትዘጋ ብለው ለአባላቱ ድምፅ አቀረቡ። አባባ ተነሣ። ኤኖክ ሱግደን፣ የክራውዘሮች አትክልተኛ፣ በሕይወቱ ሰው ፊት ተናግሮ የማያውቅ። "ቤታችሁን የምንከባከበው በደመወዝ ነው፣ ይሄን ግን በፍቅር ነው" ብሎ ሊታዘቡ የመጡትን ክራውዘሮች አይቶ ቁጭ አለ። በቃ ይሄን ብቻ። አንድም እጅ ለመዝጋት አልወጣም። ሰኞ ጠዋት ክራውዘሮች ከሥራ አሰናበቱት። ያን ዓመት የበላነውን ድንች አልረሳውም። ዋልተርም አይረሳውም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 20

ሜብል አዲስ ባርኔጣ አድርጋለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከወይዘሮ ክራውዘር አጠገብ። እኔን ሳታየኝ ቀርታ ይሆናል።

ዋልተር ሁለት ሐሙስ ሻይ አልመጣም። ጉንፋን ይዞኛል አለ። ሳይነጥሰው።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1971

የቃል ኪዳን እሑድ። በየዓመቱ መጀመሪያ ራሳችንን ለእግዚአብሔር እንደ አዲስ የምንሰጥበት ነው፤ ከቤቴል ውጭ ቃል ኪዳን ስገባ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። በሩ ላይ የመዝሙር መጽሐፍ የሚያድለው ዋልተር ነበር፤ ኮቱ ላይ አበባ ሰክቷል።

"አንተ ደግሞ የማን ነህ?" ብዬ ቀለድኩበት። "መሸኛ የሌለህ!"

አልሳቀም። "መዝሙር መቶ አሥራ አራት" ብሎ መጽሐፉን ሰጠኝ።

ነገሩ አልጣመኝም። ለምን እንዳልጣመኝ መጻፍ አልፈለግሁም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 14

ከፎቶዎቹ ጀርባ የተጻፈውን ስም ላጣራ ወደ ቤቴል ሄድኩ። የጎኑ በር ተከፍቷል። ስገባ ሞቀኝ።

በልቤ ሞቀኝ ማለቴ አይደለም። ቧንቧውን ነካሁት፤ እጄን ለትንሽ አላቃጠለኝም። ምድር ቤት ወረድኩ። ጃቤዝ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ፣ ፊቱ በከሰል ተለቅልቆ፣ ሳንድዊች ይበላል።

"ከገና ጀምሮ አነደዋለሁ" አለኝ። "እንዲያው አደገኛነቱን ልጠብቅ ብዬ። እስካሁን ሙቀት እንጂ ሌላ አላደረሰብኝም።"

"ጠግነውት ይሆናል።"

"ማን? እኔ ነኝ ቁልፉን የያዝኩት። የማሞቂያ ባለሙያ የሚባል ሰው ይቺን ደረጃ አንድ ቀን ወርዶ አያውቅም፣ አይዳ።"

ሳንድዊቹን ከፍሎ ሰጠኝ። በላሁት፤ ምን እንዳለበት ግን አላስታውስም። ያ ሜትር የያዘው ሰውዬ ዓይኔ ላይ መጣ። በሩን ነበር የሚለካው። አንድ ትልቅ ነገር በዚያ በር ሊያስገባ እንደፈለገ።

መጋቢ ፔንግሊ አያውቁ ይሆናል። ሰው አሳስቷቸው ይሆናል። እጠይቃቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 26

ጠየቅኋቸው። የፖስታ ሠራተኞች ስላደሙ ደብዳቤ መላክ አልተቻለም፣ እቤታቸው ድረስ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ጠየቅኋቸው።

"ፌብሩዋሪ አራት የቤቴል አባላት ስብሰባ አለ። ሁሉም በግልጽ ይነገራል" አሉኝ።

"ማሞቂያው ይሠራል እኮ።"

"ወይዘሮ ሃርግሪቭስ፣ ነገሩ ከማሞቂያው ይሰፋል። እባክዎ ይምጡ።"

ዓይናቸውን ከኔ ላይ አነሡ። አንድ ጊዜም "አይደለም" አላሉም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 4

አምስት ለአራት።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 5

ትናንት ከዚያ በላይ እጄ አልጻፈም። ዛሬ ሙሉውን ልጻፈው፤ እኔ ካልጻፍኩት ሌላ ሰው አሳምሮ ያወራዋል።

ስብሰባው ቤቴል ውስጥ ነበር። ጃቤዝ ከጠዋት ጀምሮ ማሞቂያውን አቀጣጥሎ ሰው ሁሉ ኮቱን አውልቋል። መጋቢ ፔንግሊ ስለ ጣሪያው ተናገሩ፣ ስለ ዕድሜያችን ተናገሩ፣ በአንድ መንገድ ሁለት ጸሎት ቤት ስለ መኖሩ ተናገሩ። ከዚያ ቤቴል ተዘግታ አባላቷ ለዘለቄታው ከጣቢያ መንገድ ጋር ይጠቃለሉ፣ ሕንጻውም ለአንድ ምንጣፍ ነጋዴ፣ መጋዘን እንዲሆነው፣ ይሸጥ የሚል ወረቀት አነበቡ። "የሚደግፍ?" አሉ።

ዋልተር ተነሥቶ "እደግፋለሁ" አለ።

ወንድሜ። አባባ ከተነሣበት አግዳሚ ላይ።

ቤቱ ተንጫጫ። እኔ እጄን አውጥቼ "እቃወማለሁ!" ብዬ ጮኽኩ። መጋቢው ጸጥታ እስኪሆን ጠበቁና፣ በጣም በትሕትና፣ "አዝናለሁ፣ ወይዘሮ ሃርግሪቭስ፤ ድምፅ የሚሰጡት የቤቴል አባላት ብቻ ናቸው" አሉኝ። መዝገቡን አንሥተው አሳዩኝ። የኔው መዝገብ። በስሜ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከጎኑ በኔው ቆንጆ ጽሑፍ፣ "ወደ ጣቢያ መንገድ ተሸኝታለች።"

ሠላሳ ስምንታችን በገዛ ቤታችን እንደ እንግዳ ተቀመጥን። የዶሪንግ ባልቴት አንገታቸውን ሰብረው አለቀሱ። አምስት እጅ ወጣ፤ ክሌግ፣ ሁለቱ ሆልሮይዶች፣ ሜብል፣ ዋልተር። ጃቤዝና ሦስቱ ሽማግሌዎች ተቃወሙ። ጃቤዝ ሁለቱንም እጁን ነበር ያወጣው፤ አንዱን አስወረዱት።

ድምፅ የሚሰጠው መዝገቡ ላይ ያለ ሰው ብቻ መሆኑን በዚህ ሰፈር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት! ታዲያ ያንን መስመር ሠላሳ ስምንት ጊዜ ሳሰምር የት ነበርኩ? የት እንደነበርኩ አውቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ ሲደነቅ ነበር።

ፔንግሊን ከእንግዲህ አንቱ አልለውም። ፊት ለፊት ምላሴ እምቢ ይለኝ ይሆናል፣ እዚህ ደብተር ላይ ግን አንተ ነው።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

ሥጋ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ የኛዎቹ ሁለት ሴቶች ገቡና ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዷ "ደኅና ነሽ?" አለችኝ፣ ሰው ለሞተበት እንደሚባለው። ሌላዋ ለሥጋ ሻጩ፣ "አይ፣ እኔ ያስፈረሙኝን ሁሉ የምፈርም ሰው ነኝ" አለችው።

ሥጋውን ሳልገዛ ወጣሁ።

የታሪኩን ደብተር አምስት ቀን አልከፈትኩም። ልቀደው አስቤ ነበር። ኤዝራ ላምብ ምን አጠፋ ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 13

ዋልተር መጣ።

"ታስገቢኛለሽ ወይስ ደጅ ልቁም?"

"ቁም።"

ቆመ። ይዘንብ ነበር። ትንሽ ቆይቼ አስገባሁት፣ ያው ወንድሜ ነው። ሻይ ግን አላፈላሁም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከኦገስት።"

"ታሪክ ጻፊ ያለኝ ኦክቶበር ነው።"

"እሱ የፔንግሊ ሐሳብ ነው። ሥራ እናስይዛት አለ። አንቺ ሥራ ከያዝሽ ዙሪያሽን አታዪም።"

ግን አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፣ ያን ያህል አላታለሉኝም የምልበት አንድ ነገር።

"መሸኛው የኔ ሐሳብ ነበር" አልኩት። "የራሴ። ማንም አልነገረኝም።"

ኮፍያውን አውልቆ ጠርዙን ማየት ጀመረ።

"ዋልተር!"

"ወደሷ ይሂዱ አልኩት" አለ ኮፍያውን እያሽከረከረ። "'ስለ አባላቱ ምን ይሻላል' ብለው ብቻ ይጠይቋት፣ ሌላ አይጨምሩ፣ የቀረውን ራሷ ትሠራዋለች አልኩት። አውቅሻለሁ እኮ፣ አይዳ።"

እንግዳ ሰው ቢያታልለኝ ሞኝነቴ ነው እላለሁ። ይሄ ግን ጫማ አስተሳሰር ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ባሌ ሲሞት አርባ ቀን አብሮኝ የተቀመጠ ነው። በማወቁ ነው የመታኝ። በሰው እጅ ሳይሆን በገዛ ጠባዬ ተሸጥኩ።

"ለምን?" አልኩት።

"ጣሪያው አምስት ዓመት አይቆይም፣ እኛም አንቆይም። አንቺ ይሄን ማየት አትፈልጊም።" ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "ደግሞስ አባባ አበባቸውን ሲኮተኩት አርጅቶ አንድም ቀን በጣቢያ መንገዶቹ የፊት ለፊት በር ገብቷል? ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። በሞቴ፣ አንድ ጊዜ በዚያ በር ቆሜ ለክራውዘሮች መጽሐፍ ባድል ምን አለበት?"

"አባባ በዚያ በር ያልገባው ስለከለከሉት ብቻ መሰለህ? የራሱ በር ስለነበረው ነው።"

ኮፍያውን አደረገ። በሩ ላይ ዘወር ብሎ፣ "በታሪኩ ውስጥ ስሜን ታስገቢዋለሽ?" አለኝ።

"ታሪክ ነው፣ ዋልተር። የሆነው ሁሉ ይገባል።"

"ሰው ሁሉ ፊት እንዳታዋርጂኝ" አለና ሄደ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 22

ፔንግሊ መጣ። የመጨረሻው አምልኮ ማርች ሰባት ነው፤ ታሪኩን እዚያ እንዳነበው ይፈልጋል። "ለቤቴል የሚገባ መታሰቢያ ይሆናል" አለ። ኬክ አልነበረም። ከስቷል፣ ሸሚዙም እንደዚያው ነው። ይሄ እኔን አይመለከትም።

"እርስዎን ማታለል አልፈለግሁም" አለኝ። "ወደዚህ ሲልከኝ ወረዳው ሦስት ዓመት ሰጠኝ፣ ከሁለቱ አንዱን እንድዘጋ። ላይኞቹን መዝጋት እንደማይቻል ያውቃሉ።"

"አላታለሉኝም" አልኩት። "ጠየቁኝ ብቻ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ዋልተር እንደነገረኝ ያኔ ገባው። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ እኔ ብቻ ሳልሆን እሱም ይቀላል ለካ።

"ስለኔ ምን ጻፉ?" አለ ሲወጣ።

"ገና ነዎት" አልኩት። አንቱ አልኩት። ምላስ የለመደውን አይተውም።

እሑድ፣ ማርች 7

ቤቴል እስከ ሰገነቱ ሞላች። በሕይወት ሳለች ብቅ ብሎ የማያውቅ ሁሉ ለቀብሯ መጣ። የምንጣፍ ነጋዴው ሳይቀር ኋላ ተቀምጦ ይዘምር ነበር፤ ደግሞ ድምፁ ጥሩ ነው።

ከስብከቱ በኋላ ተጠራሁ። ድምፄ አልከዳኝም። ትራንተርን አነበብኩ፣ ላምብን አነበብኩ፣ ሁሉንም በየተራቸው። ወደ 1933 ስደርስ የአባባን ንግግር ሳልቀንስ ሳልጨምር አነበብኩት፤ ወይዘሮ ክራውዘር ጓንታቸውን አስተካከሉ፣ ዋልተር ጫማውን አየ። ከዚያ የመጨረሻው ምዕራፍ መጣ። "ሠላሳ ሁለተኛው መጋቢ ሮውላንድ ፔንግሊ ናቸው። በ1968 መጡ። ቤቴልን ዘጉ።" ስለሱ የጻፍኩት ይሄን ብቻ ነው። ከምስባኩ ጎን ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ነው እንደሚል ሰው።

ቀጥሎ ድምፁ ነበር። "በፌብሩዋሪ አራት ቀን በአምስት ድምፅ ለአራት ተወሰነ። የተቃወሙት ጃቤዝ ኦዲ፣ ዊሊስ ቴምፐስት፣ ሃሮልድ ኢንግም፣ ፐርሲ ቢንስ ናቸው።" ወረቀቴ ላይ ከሥሩ የደገፉት አምስት ስሞች ነበሩ፣ መጨረሻው ዋልተር ሱግደን፤ ቅዳሜ ጠዋት በወፍራሙ ብዕር ጽፌያቸው ነበር። ዘጠና ሰው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ስሞቹን አየኋቸው፣ አፌን ከፈትኩ፣ ዘለልኳቸው።

"ድምፅ ያልሰጡት ሠላሳ ስምንት ናቸው" ብዬ ቀጠልኩ። ይሄ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። "መሸኛቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት የራሴን ነው። ይቅር በሉኝ።"

ከዚያ የጃቤዝ ድምፅ መጣ።

"እናውቃለን! ያንን ጽሑፍ ማን ያጣዋል? ጨርሺ አሁን፣ ማሞቂያው ሊጠፋብኝ ነው!"

ሰው ሳቀ፣ እያለቀሰ። የዶሪንግ ባልቴት መሐረባቸውን አነሡልኝ። ይቅርታ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን እስከ ወንበሬ ድረስ አስኬደኝ።

ስወጣ ዋልተር ግንቡን ተደግፎ ይጠብቀኝ ነበር። ሜብል ቀድማ ሄዳለች። ዓይኑ ቀልቷል።

"ስሜን ዘለልሽው" አለኝ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ። እንደምትራሪልኝ አውቅ ነበር። አውቅሻለሁ እኮ።"

"ላንተ ብዬ አይደለም" አልኩት። "ሱግደን የሚለውን ከነዚያ ጋር ማንበብ አቃተኝ። የአባባም ስም ነው።"

የዘረጋልኝ እጁ መሐል ላይ ቆመ። አልጨበጥኩትም፤ ቁልቁለቱን ብቻዬን ወረድኩ።